የሰፈር ጥላና የከተሜ ጤና

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር የውበት፣ መናፈሻና ዘላቂ ማረፊያ ልማትና አስተዳደር ኤጀንሲ የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር፡፡ ዘላቂ ማረፊያ ማለት መቃብር ነው፡፡ አበባ የሚተክለውና የቀብር ቦታ የሚያስተዳድረው አንድ ቤት መሆኑ ለቀልድ ይመቻል፤ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ በዚያ ረጅም ስም ውስጥ ውበት አለ፣ መናፈሻ አለ፣ ሞትም አለ፤ ጤና የለም፡፡ ስለ ከተማ ዛፍ በየመድረኩ ስንነጋገርም እንዲሁ ነው፡፡ ከተማዋ አማረች፣ አበባ መሰለች፣ እንግዳ ማረከች እንላለን፡፡ ይህ ዛፍ ቢቆረጥ ስንት ሰው በልብ ሕመም ይሞታል ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ግን እስካሁን አልገጠመኝም፡፡

ጥያቄው የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ካለ አንድ ጊዜ ወደ አሜሪካ ልውሰደው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን ግዛት፣ ዲትሮይት ከተማ አጠገብ ከእስያ የመጣ አንድ አረንጓዴ ጢንዚዛ ተገኘ፡፡ ጢንዚዛው አሽ የሚባለውን የዛፍ ዓይነት እየመረጠ ይገድላል፡፡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየመንገዱ ዳርና በየጫካው የነበሩ 100 ሚሊዮን የሚሆኑ ዛፎች አለቁ፡፡ ጄፍሪ ዶኖቫን የተባለ የአገሪቱ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2007 ያለውን የሞት መዝገብ ከጢንዚዛው መስፋፋት ጋር አስተያየው፡፡ በ2013 የታተመው ጥናታቸው በ15 ግዛቶች ጢንዚዛው በደረሰባቸው አካባቢዎች 15,000 ገደማ ተጨማሪ ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ፣ 6,000 ገደማ ደግሞ በመተንፈሻ አካል በሽታ መሞታቸውን ያሳያል፡፡ የገቢንና የትምህርትን የመሳሰሉ ልዩነቶች በስሌት ከለዩ በኋላም ውጤቱ አልጠፋም፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን «የአካባቢ ማስረጃ» ብለን ነበር የተማርነው፡፡ ገዳዩን እጅ ከፍንጅ የያዘ ምስክር የለም፤ ሁኔታዎቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ ሰው ያመለክታሉ፡፡ ጠንቃቃ ዳኛ በዚህ ብቻ አይፈርድም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ምስክር ልጥራ፡፡

ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው አጭር ጽሑፍ የዚህ ዘርፍ ጥንታዊ ማስረጃ ነው፡፡ በፔንሲልቫኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሕሙማን መዝገብ አገላበጠ፡፡ ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች፣ የግማሾቹ ወደ ጡብ ግድግዳ የሚያይ ነበር፡፡ ዛፍ ያዩት ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር፡፡ 46 ሰው ጥቂት ነው የሚል ካለ እውነቱን ነው፡፡

ጠንከር ያለው ምስክር የመጣው ከፊላደልፊያ ነው፡፡ ተመራማሪዎች በከተማዋ ያሉ ቆሻሻ የሚጣልባቸውን 541 ባዶ ቦታዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሉ፡፡ በአንዱ ምድብ ቆሻሻው ተነሥቶ መሬቱ ተስተካክሎ ሣርና ጥቂት ዛፎች ተተከሉ፤ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥርም ተደረገ፡፡ በሁለተኛው ቆሻሻ ብቻ ተነሣ፡፡ ሦስተኛው እንዳለ ተተወ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደታተመው ውጤት በመጀመሪያው ምድብ አጠገብ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ድባቴ ይሰማኛል የሚለው መልስ ምንም ካልተደረገበት ምድብ ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ቀነሰ፡፡ ቆሻሻ ብቻ በተነሣበት ሰፈር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፡፡ ለእያንዳንዱ ቦታ የወጣው ወጪ 1,600 ዶላር ገደማ ነው፡፡ የአንድ የሥነ አእምሮ ሆስፒታል ግንባታ ስንት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው፡፡

ዛፍ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በአንድ መንገድ አይደለም፡፡ በቀላሉ የሚታየው የሙቀት ጉዳይ ነው፡፡ ቅጠል ፀሐይን ይከልላል፤ ሥሩ ከመሬት የሳበውን ውሃ ደግሞ በተን አድርጎ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፡፡ አስፋልትና ኮንክሪት ግን ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት መልሰው ስለሚተፉት አረጋዊውና የልብ ሕመምተኛው የሚያርፍበት ሰዓት አያገኝም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት 93 የአውሮፓ ከተሞችን መርምሮ የዛፍ ሽፋናቸው ወደ 30 በመቶ ከፍ ቢል በአንድ በጋ 2,644 ሰዎች ከሞት ይተርፉ እንደነበር አስልቷል፡፡ ለዚህ የበቃው ቅዝቃዜ በአማካይ 0.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ነው፡፡

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህ የእኛ ችግር አይደለም የሚል አለ፡፡ ሚያዝያ ላይ በስድስት ሰዓት ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሳር ቤት በእግሩ ይሂድና ይንገረኝ፡፡ ለድሬዳዋ፣ ለሠመራና ለጋምቤላማ ጥላ የሕይወት ጉዳይ ነው፡፡ ባቡሩን ተከትለው ድሬዳዋን የሠሩት ሰዎች የከዚራን ጎዳናዎች በዛፍ ያለበሱት ለፎቶግራፍ ብለው አይመስለኝም፡፡ በዚያ ጥላ ሥር ያለፈ ሰው፣ ከአንድ ጎዳና ወደ ሌላው ሲሻገር አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ በቆዳው ያውቀዋል፡፡

ሁለተኛው እግር ነው፡፡ በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር እንደሆነ የትራንስፖርት ጥናቶች ያሳያሉ፡፡ ይህ ለጤና ትልቅ ሀብት ነበር፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ በቀን 20 ደቂቃ ብቻ በእግር የሚሄድ ሰው ወደዚያው ይጠጋል፡፡ ነገር ግን የሚሄድበት መንገድ ጥላ አልባ፣ አቧራማና ጫጫታ የበዛበት ከሆነ ገንዘብ ያገኘ ዕለት ታክሲ ይሳፈራል፤ ትንሽ ሲያተርፍ መኪና ይገዛል፡፡ ከዚያ ስኳር፣ ግፊትና ኮሌስትሮል ተራ በተራ ይመጣሉ፡፡ ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፡፡ በቀደም ዕለት ደረጃ ላይ አረፍ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ሐኪሙ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ ይለኛል፡፡ የት ልንቀሳቀስ? መኪና መካከል?» አሉኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡

ሦስተኛው ውሃ ነው፡፡ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚሰርግበት አፈር ሲያጣ በየቱቦው ይሮጣል፤ ቱቦው ሲደፈን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይዞ ወደ ሰው ግቢ ይገባል፡፡ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በከተማችን የታየውን አተት የሚያስታውስ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፡፡ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ድሬዳዋን መትቶ ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍም ከተማው ውስጥ የዘነበ ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ከበላይ ካሉት የተራቆቱ ተራሮች ተንደርድሮ የወረደ ነው፡፡

ስለ አየር ብክለት ግን የዛፍ ወዳጆች ብዙ ጊዜ ያጋንናሉና እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመዘኛ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ መብለጥ የለበትም፡፡ በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት የተለካው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው፡፡ ታዲያ ዛፍ ብንተክል ይጸዳል? ቅጠል ብናኝ ይይዛል፤ ነገር ግን በአሜሪካ ከተሞች የተደረገ ስሌት ዛፎች አየሩን በአማካይ ያሻሻሉት ከ1 በመቶ በታች እንደሆነ አሳይቷል፡፡ ይባስ ብሎ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ቅጠሉ የተጠላለፈ ዛፍ ከተተከለ ጭሱን አፍኖ እግረኛው አፍንጫ ሥር ሊያቆየው ይችላል፡፡ ለእንዲህ ያለው መንገድ የሚሻለው በመኪናውና በእግረኛው መካከል የሚተከል ጥቅጥቅ ያለ ዝቅተኛ ቁጥቋጦ ነው፡፡ ያረጀ ሚኒባስ የሚተፋውን ጭስ የሚያስቀረው ሚኒባሱን መጠገን ወይም መተካት ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ለሳንባችን ከብዙ ሺህ ችግኝ በላይ ሊጠቅም ይችላል፤ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከመንገድ እስኪወጡ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል፡፡

አረንጓዴ የሆነ ሁሉም ጤና አይደለም፡፡ በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ ከሩቅ ያየ ሰው የከተማ ግብርና ምሳሌ ነው ብሎ ሊያደንቅ ይችላል፡፡ የሚጠጣው ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ ነው፤ በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ከባድ ብረቶች አግኝተውበታል፡፡ በወንዝ ዳር ዛፍ መትከል ጥሩ ነው፡፡ ፍሳሹን ከምንጩ ሳያቆሙ መትከል ግን ቁስሉን ሳያጥቡ በፋሻ መጠቅለል ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ፡፡ ባለፉት ዓመታት በከተማችን ትልልቅ መናፈሻዎች ተሠርተዋል፡፡ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ፤ እንጦጦና ወዳጅነት ተከተሉ፡፡ ከዚያ በፊት በተራራው ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነበር፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን፣ የብስክሌት መስመሮችንና የሣር መደቦችን አምጥቷል፡፡ ይህን መካድ አይቻልም፤ እኔም ምሽት ላይ በአዲሱ መንገድ በእግሬ ስሄድ ተመስገን እላለሁ፡፡ ነገር ግን ሐኪምና የአትክልት ባለሙያ ነገሩን የሚለኩበት መለኪያ ይለያያል፡፡ ለሐኪሙ የመናፈሻው ስፋት ሁለተኛ ጥያቄ ነው፡፡ የመጀመሪያው ርቀት ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ያወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ እንዲያገኝ ይመክራል፡፡ የአምስት ደቂቃ መንገድ ማለት ነው፡፡ ደም ግፊትን የሚያወርደው በየቀኑ የሚገኘው ነገር ነው፤ በዓመት ሁለቴ ለሰርግ ፎቶግራፍ የሚኬድበት ቦታ ያን ያህል ሥራ አይሠራም፡፡

እ.ኤ.አ. በ2008 ሚቸልና ፖፕሃም የተባሉ ተመራማሪዎች ከ40 ሚሊዮን በላይ የእንግሊዝ ነዋሪዎችን መረጃ ይዘው ያገኙት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል፡፡ በሁሉም ቦታ ድሃ ከሀብታም ይልቅ ቶሎ ይሞታል፡፡ አረንጓዴ በበዛባቸው አካባቢዎች ግን በሁለቱ መካከል ያለው የሞት ልዩነት ጠበብ ይላል፡፡ ሀብታሙ ግቢው ውስጥ ዛፍ አለው፤ ባይኖረው ቢሾፍቱ ሄዶ ይውላል፡፡ የሰፈር ዛፍ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ሌላ አማራጭ ለሌለው ነው፡፡

የአዲስ አበባ የሰፈር ዛፍ የት ነበር? ብዙው በፕላን ላይ አልነበረም፡፡ በየግቢው ነበር፡፡ ምኒልክ ከአውስትራሊያ ያስመጡት ባሕር ዛፍ ከተማዋን በማገዶ እጦት ከመፈታት ካዳናት ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው በአጥሩ ጥግ የሆነ ነገር ሳይተክል አያድርም ነበር፡፡ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮክ፣ ጌሾ፣ ያረጀ ኮሶም ነበር፡፡ ሰፈሮቹ ሲነሡ ዛፎቹ አብረው ተነሡ፡፡ እዚህ ላይ የሕግ ሰው ዓይን ያስፈልጋል፡፡ በመሬት ማስለቀቅ ሕጋችን ዛፍ የባለይዞታው ንብረት ነው፤ ካሳውም ለእሱ ይሰላል፡፡ በዚያ ዛፍ ጥላ ለሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎረቤት፣ ሥሩ ተቀምጣ በቆሎ ትጠብስ የነበረችው ሴት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያርፍበት ልጅ በሒሳቡ ውስጥ የሉም፡፡ ለጠፋ ጥላ የሚከፈል ካሳ የለም፡፡ ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ በስብሰባ ላይ አይነሣም፡፡

በምትኩ የተተከለውን እንይ፡፡ ሣር ዓይን ያሳርፋል፤ ነገር ግን ጥላ የለውም፣ በበጋም ውሃ ይበላል፡፡ ዘንባባ ቁመናው ያምራል፤ ጥላው ግን እግረኛውን አያዳርሰውም፡፡ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባና ወይራ ዓመታት ይፈጃሉ፤ ለምረቃ ቀን አይደርሱም፡፡ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን ስለሚያስቸኩለን ይመስለኛል አገር በቀሎቹን የምንዘላቸው፡፡

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? ከሚያስበው ሰው ይልቅ የተሻለ ነገር ይላል፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የእያንዳንዱ ሰው መብት አድርጎታል፡፡ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመግለጥ መብት ይሰጠዋል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢ ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ መሬትና ውሃን ብቻ ሳይሆን ድምፅን፣ ሽታን፣ ውበትን ጭምር ያቅፋል፡፡ የአዋጁ አንቀጽ 11 ከሁሉም ይበልጥብኛል፡፡ ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በግል የሚነካው መሆኑን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፡፡ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካጣ ወይም በመልሱ ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፡፡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን ከሳሽ ጥቅሙን ማሳየት እንዳለበት ለሚያውቅ የሕግ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው፡፡

በሩን ያንኳኳ ግን ጥቂት ነው፡፡ አፓፕ የተባለው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት አላስቆመም ብሎ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከስሶ ነበር፡፡ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፡፡ ፍርዱ ብዙ ሊያከራክር ይችላል፤ በእኔ እምነት ትምህርቱ ከሳሽ ተከሳሹን በጥንቃቄ መምረጥ እንዳለበት ነው፡፡ አንቀጽ 11 ያነጣጠረው ጉዳቱን በሚያደርሰው ላይ ነው፡፡ ዛፉን የቆረጠውን፣ መናፈሻውን ያጠረውን፣ ወንዙ ላይ ቱቦ የለቀቀውን ስሙን ጠርቶ መጀመር ይሻላል፡፡

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል የተዘጋጀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ መድቧል፡፡ በወረቀት ላይ ከአውሮፓ ብዙ ከተሞች እንበልጣለን፡፡ እኔ በምኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢም በብሎኮቹ መካከል ያለው ቦታ በሥዕሉ ላይ አረንጓዴ ነው፤ በዓይን ሲታይ የመኪና ማቆሚያ ነው፡፡ ይህን ያደረገው ማንም ባለሥልጣን አይደለም፡፡ እኛው ነን፣ በየማታው አንድ አንድ መኪና እያስጠጋን፡፡ የጋራ መጠቀሚያ ስለሆነ ውሳኔውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፡፡

ባለፈው ወር በተደረገው ስብሰባ ላይ ከነርሷ ጎረቤቴ ጋር ሆነን ግማሹ ቦታ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ አቀረብን፡፡ ለልጆች መሮጫ፣ ለሽማግሌዎች መቀመጫ፣ ዳር ዳሩን አሥራ ሁለት የወይራና የዋንዛ ችግኝ፡፡ ሁለት ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ በሦስት ድምፅ ብልጫ አለፈ፡፡ ችግኝ በሐምሌ ይተከላል፤ ክረምቱ ያሳድገዋል፡፡ ፈተናው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፡፡ ቢያንስ ለሁለት በጋ በሳምንት ሁለቴ ውሃ ካላገኘ ይደርቃል፤ በየዓመቱ በዘመቻ ተተክሎ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፡፡ የውሃውን ሒሳብ ከጋራ መዋጮ እንክፈለው ወይስ እያንዳንዱ ብሎክ የፊቱን ያጠጣ የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል፡፡